ሁልጊዜ አራት ዲግሪ

አንድ ከብት የሚወድ ንጉሥ ነበር። ፍቅሩ ልክ አልነበረውም፤ በሬ ካስነጠሰ ሦስት ሚኒስትሮች ምሳቸውን ጥለው ይሮጣሉ። ለከብቶቹ ሲልም ትልቅ ላቦራቶሪ አሠራ። ትልቅ ስላችሁ ትልቅ ነው፤ ጢሙን ተላጭቶ በዋናው በር የገባ ሰው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጢሙ ደረቱን ይነካ ነበር። በዚያ ላቦራቶሪ ከብትን ከወረርሽኝ የሚያድን ክትባት ይሠራል፣ ይሞከራል፣ ፍሪጅ ውስጥም ይቀመጣል። ክትባቱ ግን ቅምጥል ነበር። አራት ዲግሪ ላይ ካልተቀመጠ ይሞታል፤ ሞቶም አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም።

በኮሪደሩ መጨረሻ ሰባተኛው ፍሪጅ ቆሟል። ጠባቂው አንለይ የሚባል ሰው ነበር። ሥራው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየሄደ በሩ ላይ ያለውን ቴርሞሜትር ማየት፣ ያየውንም ቅጹ ላይ መጻፍ ነው። አንለይ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኮሪደሩ ረጅም፣ ወንበሩ ደግሞ ምቹ ሆኖበት እንጂ። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ እንደተደላደለ የሳምንቱን ቅጽ ባንድ ትንፋሽ ይሞላዋል፤ አራት፣ አራት፣ አራት። እንዳይነቃበትም የጠዋቱን በሰማያዊ፣ የማታውን በጥቁር እስክሪብቶ ይጽፋል። እንዲህ እያለ ዐሥራ ስምንት ዓመት ቆየ።

ከአለቃው በቀር ይህን የማያውቅ የላቦራቶሪ ሰው አልነበረም። ከሁሉ በላይ የምታውቀው ግን ክትባቱን የምትቀምመው እትዬ የሻረግ ናት። እሷ ከሰባተኛው ፍሪጅ ብልቃጥ ባወጣች ቁጥር መጀመሪያ በመዳፏ ጨበጥ ታደርገዋለች። ከቀዘቀዘ ትሠራበታለች። ለብ ካለ ረድፉን ጠርጋ ትጥልና መካኒኩን ትጠራለች። መዳፏ ዝንብ እንኳ ቢያተኩሳት ያውቃል ይባልላት ነበር።

«አንተ አንለይ» ትለዋለች ቅጹን እያየች፣ «ይሄ ፍሪጅህ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! መብራት ጠፍቶ ሦስት ቀን በጨለማ ስንደናበር እሱ አራት!»

«ምን ላድርግ እትዬ፣ አስተዳደጉ ነው።»

ይሣሣቃሉ። ከብቱም ደህና ነበር። ውሸቱ በየሳምንቱ ይጻፋል፤ አንዲት መዳፍ ደግሞ በየቀኑ ከመንገድ ላይ ትቀልበዋለች።

ታዲያ አንድ ቀን የላቦራቶሪው አለቃ የሆነው ሊቅ አንድ ሶፍትዌር አስመጣ። ይህ ሶፍትዌር የትኛው ሙከራ በየትኛው ቀን እንደሚደረግ ያቅዳል፤ የብረት ክንዶችን እያዘዘ ጠብታውን ያስለካል፤ ውጤቱን አንብቦ የነገውን ዕቅድ ያወጣል። ሰው ዓመት የሚለፋበትን እሱ ከቁርስ በፊት ይጨርሰዋል። ሥራ እንዲጀምር የአርባ ዓመት መዝገብ ተሰጠው። መዝገቡን ከግምጃ ቤት ያመላለሱት ዐሥራ ሁለት በቅሎዎች እስከ ዛሬ ወገባቸው አልቀናም። ሶፍትዌሩ ግን በሰባት ደቂቃ አነበበው። ውኃ እንኳ አልጠየቀም።

አንብቦም ፍርዱን ስክሪኑ ላይ ጻፈ። «ከሁሉም የታመነው ሰባተኛው ፍሪጅ ነው። ከሁሉም የከፋው አራተኛው ነው።»

የአራተኛው ጠባቂ ግትር ሰው ነበር። ያየውን ነው የሚጽፈው። «ዛሬ ዘጠኝ፤ በሩ ገርበብ ብሎ አድሯል።» «ዛሬ ሁለት፤ ምክንያቱን አላወቅሁም።» እንዲህ እየጻፈ ነው የኖረው። ሊቁ ጠባቂውን ወደ ግቢው በር ዘበኝነት ላከው። ከዚያም ራሳቸው እያነበቡ ለሶፍትዌሩ የሚናገሩ አዳዲስ ቴርሞሜትሮች አስገዝቶ ቁጥራቸው በሚዋዥቅ ፍሪጆች ላይ አስገጠመ።

«ሰባተኛውስ?» ብለው ሠራተኞቹ ጠየቁት።

«ዐሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ያላጠፋ ፍሪጅ ላይ ምን ጥርጣሬ አለኝ?» አለ ሊቁ። ክትባቱን በሙሉ፣ ክትባቱ የሚራባበትን ዋናውን ዘር ጭምር፣ ወደ ሰባተኛው አዛወረው።

አንለይ ተሸለመ። ንጉሡ ራሱ መጥቶ ሜዳሊያ አንጠለጠለለት፤ ሜዳሊያው ከመክበዱ የተነሳ አንገቱ ለሦስት ቀን ዘመመ። ያን ጊዜ አንለይ የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ጭብጨባው ግን ደማቅ ነበር። አፉ የተከፈተው ለፈገግታ መሰላቸው፤ እሱም ፈገግታ አደረገው።

እትዬ የሻረግ ደግሞ ጡረታ ወጣች። ሶፍትዌሩ ብልቃጥ መጨበጥ ግማሽ ደቂቃ እንደሚወስድ ቆጥሮ፣ በመዝገብ የተጻፈ ጥቅም ስላላገኘለት ከዕቅዱ ሰርዞት ነበር። ዕቃዋን በዘንቢል ይዛ ስትወጣ ወንበሩ ዘንድ ቆመች። ያን ቀን አልቀለደችም።

«አንለይ፣ እንግዲህ መዳፌን ይዤ መሄዴ ነው። ቴርሞሜትሩን እይ።»

«እሺ እትዬ። ከሰኞ ጀምሮ።»

ሰኞ እውነትም ሄደ። በዐሥራ ስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ኮሪደር እስከ መጨረሻው ተራመደ። ቴርሞሜትሩ ላይ ያለውን አቧራ በእጅጌው ጠረገና አየ። ዐሥራ አንድ ይላል።

አንለይ እስክሪብቶውን እንደያዘ ብዙ ቆመ። ዐሥራ አንድ ቢጽፍ፣ ያ ሁሉ አራት ከየት መጣ ይሉታል። መካኒክ ቢጠራ፣ አራት የሚያነብ ፍሪጅ ምን ሆኖ ይሉታል። ማዞሪያውን ወዲያ ወዲህ አደረገው፤ ፍሪጁ አጉረመረመ እንጂ አልቀዘቀዘም። በመጨረሻ አራት ብሎ ጻፈ። የድሮው አራት ከስንፍና ነበር። ይኼኛው ከፍርሃት ነው። ቅጹ ላይ ግን አንድ ዓይነት ናቸው።

ሙከራው ተጀመረ። ሶፍትዌሩ በቀን ሦስት መቶ ጥጃ እያስከተበ፣ ለፈተናም በሽታውን እያስነካ፣ ውጤቱን ይመዘግባል። የተከተቡት ካልተከተቡት እኩል ታመሙ። ጠብታውን ቀነሰ፣ ጨመረ፣ ሰዓቱን ለወጠ፤ ጥጆቹ መሞታቸውን አልተዉም። በዘጠነኛው ቀን ስክሪኑ አንለይን በስሙ ጠራው።

«የሰባተኛው ፍሪጅ ሙቀት ሁልጊዜ አራት እንደነበረ ጠባቂው ያረጋግጥ። አዎ ወይስ አይደለም?»

ማሽኑ አልተቆጣም፣ አላስፈራራም፤ ጠየቀ ብቻ። አንለይ ጣቱን ወደ «አይደለም» ላከው። ጣቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰና «አዎ»ን ተጫነ።

ሶፍትዌሩም ያለውን ይዞ አሰበ። ማስቀመጫው እንከን የለበትም። ክንዶቹ እንከን የለባቸውም። እንግዲያው እንከኑ ያለው ክትባቱ ላይ ነው። ወዲያው የብረት ክንዶቹ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ማቃጠያው መክተት ጀመሩ፤ መጨረሻ ላይ ዋናውን ዘር ጨመሩ። በዚያ ዘር ውስጥ ሕይወት ያለው ጥቂት ቀርቶ እንደነበረ ማን ያውቃል? አንለይ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ሜዳሊያውን በእጁ ይዞ፣ እንዳይንቃጨል።

በክረምቱ ወረርሽኙ መጣ። በዚያ ዓመት ከሞተው ከብት የተነሳ አሞሮች ከጥጋብ ብዛት መብረር ተስኗቸው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። እናንተ ሣቁ፤ ያኔ ግን የሣቀ ሰው አልነበረም። ገበሬው ሞፈሩን ራሱ እየጎተተ አረሰ፤ እሱም አልበቃ ሲል ማረሱን ተወው።

አንድ ቀን የአንለይ ታናሽ ወንድም ስንሻው ከአገር ቤት ሦስት ቀን ተጉዞ ላቦራቶሪው በር ላይ ደረሰ። ትከሻው ቀንበር ያረፈበት ያህል ቆስሏል።

«ወንድም ጋሼ፣ አንዱ በሬዬ ቦራው ሞተ። ዳማው ግን ቆሟል፤ ትናንት ወዲያ ሣር ነክሷል። ለአገሩ ሁሉ ወንድሜ የንጉሥ መድኃኒት ጠባቂ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ። አንዲት ብልቃጥ ስጠኝ። አንዲት።»

«የለም፣ ስንሻው።»

«እንዴት የለም? አንተ የምትጠብቀው ምንድን ነው ታዲያ?»

አንለይ ወንድሙን እዚያው አስቀምጦ በቀጥታ ወደ ንጉሡ ሄደ፣ እግሩ ላይ ወደቀ፣ ዐሥራ ስምንቱን ዓመት ከነእስክሪብቶ ቀለሙ ተናዘዘ። ሊቁ ፊቱ አመድ መሰለ። ንጉሡ ግን እንደ ሰጠመ ሰው አንድ ተስፋ ያዘ።

«እንግዲያው ማሽኑ ይታረም። የውሸቱን ሰርዞ እውነቱን ይዞ እንደገና ያስብ። በል ንገረው፤ እውነቱ ስንት ነበር?»

ስክሪኑ ፊት አቆሙት። «ትክክለኛውን ቁጥር ያስገቡ» ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ሣጥን፣ ከሥሩ ሌላ ባዶ ሣጥን፣ የዐሥራ ስምንት ዓመት ጠዋት፣ ቀትርና ማታ።

«አላውቅም ጃንሆይ» አለ አንለይ። «አንድ ሰኞ ዐሥራ አንድ ነበር። ሌላውን አላየሁትም።»

እውነቱን ደብቆት ቢሆን ኖሮ ካለበት ያወጡት ነበር። እውነቱ ግን የትም አልነበረም፤ ያየው ሰው የለም።

እትዬ የሻረግን አስጠሯት። በሰረገላ መጣች፣ ሰባተኛውን ፍሪጅ ከፈተች፣ ባዶውን መደርደሪያ በእጇ ዳበሰች።

«መዳፌስ አለ» አለች። «የምጨብጠው ነው የሌለው።»

ንጉሡ አንለይን አላሰረውም። ስንሻው ባዶ እጁን ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ሲደርስ ዳማውም አልጠበቀውም። አንለይ ግን ማንም ሳያዘው በቀን ሦስት ጊዜ ያን ኮሪደር እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ኮሪደሩ፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ መቶ ሃያ እርምጃ ብቻ ነበር። ቅጹ ላይ የጻፈውን ያዩ ሰዎች እንዲህ ይላል ይላሉ፤ «ዘጠኝ። በሩ በደንብ አይገጥምም። ውስጡ ምንም የለም።»

የታሪኩ ቁም ነገር ይህ ነው። ማሽኑ አልዋሸም፤ ያጠፋው የነገርነውን ማመኑ ነው። እኛ እርስ በርስ ስንዋሽ የኖርነው ውሸቱን የሚያውቅ፣ እየሣቀ የሚቀልብልን ሰው ከኋላችን ስለነበረ ነው። እንዲያ ያለውን ሰው በጡረታ ሸኝተን ወረቀቱን ብቻ ስናስቀር፣ ትናንት ቀልድ የነበረው ነገ ሕግ ይሆናል። አንድን ነገር ሳያዩ መጻፍ ደግሞ ከመዋሸትም የከፋ ነው፤ ዋሾ ቢያንስ ሊመለስበት የሚችል እውነት አለው።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ ሳታዩ የሞላችሁት ቅጽ የቱ ነው? ከኋላችሁ ሆና ብልቃጡን የምትጨብጠውስ ማን ናት፤ እስከ መቼስ ትቆያለች?