ከበሮ ያልመታው ድብ

ተረቴ ከላም በረት አይነሳም፤ ከመጫወቻ መደርደሪያ ይነሳል። እናንተም «የላም በረት» አትበሉኝ፤ «ዶም ዶም» በሉኝ።

ደሴ ፒያሳ፣ በአንድ የድሮ ፎቅ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ የተጠጋጉ ሱቆች አሉ። በመጀመሪያው ሱቅ ፈትለወርቅ የምትባል ሻጭ ነበረች። የልጆች መጫወቻ ትሸጣለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ዓይነ አፋር ናት። ሰው ከምታስቸግር ራሷ ብትቸገር ይሻላታል።

ታዲያ በገና ዋዜማ ፈትለወርቅ አንድ ትንሽ ነገር ፈለገች፦ ድቧ ከበሮውን እንዲመታ። ሌላ ምንም አልፈለገች።

ድቡ የዘንድሮ ድብ አይደለም። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ እሷ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በቴሌቪዥን አንድ የካርቱን ድብ ይመጣ ነበር። ከበሮ እየመታ የተኛ መንደር ይቀሰቅሳል። ቋንቋው የባዕድ ነው። ምን እንደሚል የገባው ልጅ አልነበረም፤ ያልወደደውም ልጅ አልነበረም። ስም ያወጡለት ራሳቸው ልጆቹ ናቸው፦ ዶምዶም። የዚያ ዓመት ገና ሲቃረብ ዶምዶም አሻንጉሊት ሆኖ ደሴ ገባ። ጀርባው ላይ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉን ሲጠመዝዙት ከበሮውን ይመታል። ከተማው አበደ። የፈትለወርቅ አባት ሐይቅ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበር። የበዓል ልብስ የሚጠብቁ ደንበኞቹን ትቶ ደሴ ወጣ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ተሰለፈ፤ የመጨረሻውን ድብ ይዞ ገባ።

ቤት ሲደርስ ድቡ ጀርባው ላይ ቀዳዳ ብቻ አለው። ቁልፍ የለውም።

ከበዓል በኋላ አባቷ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሻጩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በጣቱ አሳየው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። አባቷ ቤቱ ገባ፣ ድቡን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ ሁለት እጁን ከድቡ ጀርባ ደበቀና በጣቶቹ የስፌት ጠረጴዛውን መታ። ዶም፣ ዶም፣ ዶምዶምዶም። ፈትለወርቅ በዚህ ከበሮ አደገች። ገና በመጣ ቁጥር አባቷ ይጠይቃታል፦

«ድቡስ ዘንድሮ መታ?»

«አልመታም፣ አባዬ።»

«ግድ የለም፤ ከርሞ ይመታል።»

ዘንድሮ ግን በስልክ ሲያወራት እንደዚያ አላለም። የዓይኑ ብርሃን ጠፍቷል። «ፈትሌ፣ ድቡን ይዘሽው ነይ» አላት። «ባላየውም ልዳብሰው።» ስለ ከርሞ ምንም አላነሳም። ይኼ ነው ያስጨነቃት።

በዋዜማው ድቡን በፌስታል ይዛ ወደ ሥራ መጣች። የሐይቅ ሚኒባስ አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል። ሰባት ሰዓት ሲሆን እትዬ መኪያ ብቅ አሉ። እትዬ መኪያ ጎረቤት ሱቅ ክርና ዚፕ ይሸጣሉ፤ ድሮ ግን በዚሁ መጫወቻ ቤት ሻጭ ነበሩ። ድቡን አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ውይ ዶምዶም! አንተ አለህ እንዴ? ቁልፉስ የታል?»

«የለውም፣ እትዬ። ሲገዛም አልነበረውም።»

እትዬ መኪያ ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። «ከሐይቅ ነው የመጣሁት ያለኝ ልብስ ሰፊ! አንቺ የዚያ ሰው ልጅ ነሽ? ያን ገና ልጆቹ መደርደሪያ ላይ ያለውን ሁሉ እየጠመዘዙ ሞላውን ቢጨርሱት፣ ቁልፎቹን ነቅለን ጣሳ ውስጥ አደረግናቸው። ሲሸጥ ነበር ከጣሳው አውጥተን የምንሰጠው። የመጨረሻው ድብ ላይ ግርግሩ አስጨነቀኝ፤ ድቡን ሰጠሁ፣ ቁልፉን ረሳሁ። ሮጬ በር ላይ ብወጣ ሰውየው የለም! በማግስቱ ምጥ ያዘኝ፤ አራስ ቤት ገባሁ።»

«ቁልፉስ?»

«ጣሳው አለ። ሥራ በቀየርኩ ቁጥር ተሸክሜው ዞሬአለሁ። ቁልፉ ላይም ድቡ እግር ሥርም ቁጥር አለ።»

ጣሳውን አመጡ። ውስጡ የቁልፍ መንጋ ነው፦ የዳክዬ፣ የእንቁራሪት፣ የመኪና፣ የባቡር። ፈትለወርቅ እጇን ብትሰድ እትዬ መኪያ ጣሳውን ብብታቸው ሥር ሸጎጡት።

«ያኔ ሳላይ ሰጠሁ፤ አሁን ሳላይ አልሰጥም። በገዛ ዓይኔ ነው የምፈልገው። መነጽሬ ደግሞ አንድ እግሩ ወልቆ ጋሽ ይመር ጋ ነው። ሂጂ አምጪልኝ።»

ድቡ አይመታም፤ ቁልፍ የለውም። እትዬ መኪያ ቁልፍ አይፈልጉም፤ መነጽር የላቸውም። ፈትለወርቅ ድቧን አቅፋ ወደ ጋሽ ይመር ሄደች።

ጋሽ ይመር ደረጃው ሥር ሰዓት ይጠግናሉ፤ ሰዓትም ይሸጣሉ። ድቡን ሲያዩ አጉሊ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

«አንተ ሸፍጠኛ! ያን ገና ሰዓት መጠገን ትቼ ድብ ስጠግን ከረምኩ። የከተማው ሞላ ሁሉ እኔ ጋ ነበር የሚመጣው። ሚስቴ ‹ድብ አካሚ› ብላኝ ነበር። ምን ልታዘዝ?»

«ጋሽ ይመር… ድቡ አይመታም፤ ቁልፍ የለውም። እትዬ መኪያ ቁልፍ አይፈልጉም፤ መነጽር የላቸውም።»

«መነጽሩ ይኸው። ብሎኑ ግን ከጤፍ አይበልጥም፤ እዚህ ደረጃ ሥር ደግሞ ቀንም ጨለማ ነው። የመብራቴ አምፖል ተቃጥሏል። ከወሰንየለህ ትንሿን አምፖል አምጪልኝ።»

ወሰንየለህ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ ነው። መሰላል ጫፍ ላይ ተቀምጦ የገና መብራት ይሰቅላል፤ አምፖሎቹም እዚያው ከራሱ በላይ ተደርድረዋል።

«አቤት፣ ፈትሌ! ዛሬ ከጎሬሽ ምን አወጣሽ?»

«ድቡ አይመታም፤ ቁልፍ የለውም። እትዬ መኪያ ቁልፍ አይፈልጉም፤ መነጽር የላቸውም። ጋሽ ይመር መነጽር አይጠግኑም፤ አምፖል የላቸውም።»

ወሰንየለህ ድቡን አየና መሰላሉ ተወዛወዘ። «ዶምዶም! እኛ ቤት አልገባም እኮ። በቲማቲም ጣሳ ነበር የምመታው። ካርቱኑንም በሰው መስኮት ነው ያየሁት፤ የመዝጊያው ዘፈን ሊያልቅ ሲል የቤቱ አባወራ በውኃ ያባርሩናል። ዶም ዶም ላሪላ፣ ዶም ዶም ሹሪባ፣ ቲሪ ቲሪ ማኖ… ከዚያስ? ከዚያስ ምን ይላል?»

«እኔ እንጃ። አምፖሏን…»

«አልሰጥም! ይኸው ነካክተሽ ቀሰቀስሽብኝ። ሃያ አምስት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆመ ዘፈን ነው። መጨረሻውን ካልሰማሁ አልወርድም። ገናን እዚሁ መሰላል ላይ እውላለሁ። ጫማ ቤት ያለችው ዘምዘም ታውቀዋለች፤ ያባረሩን አባቷ ናቸው!»

ዘምዘም ጫማ ትሸጣለች። ያን ጊዜ በሠፈሩ ቴሌቪዥን የነበረው እነሱ ቤት ነው። ሱቋ በሰው ተሞልቷል። ፈትለወርቅ በሩ ላይ ቆመች፣ ማንም አልሰማትም። ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አሁንም ማንም አልሰማትም። ከዚያ በዕድሜዋ አውጥታው በማታውቀው ድምፅ ተናገረች።

«ድቡ አይመታም፤ ቁልፍ የለውም! እትዬ መኪያ ቁልፍ አይፈልጉም፤ መነጽር የላቸውም! ጋሽ ይመር መነጽር አይጠግኑም፤ አምፖል የላቸውም! ወሰንየለህ ከመሰላል አይወርድም፤ ዘፈኑ አላለቀለትም!»

የሱቁ ሰው ሁሉ ዞረ። ዘምዘም ሳቀች።

«ያ ወሰን ነው ያን ጊዜ መስኮት ላይ የሚንጠለጠለው? አባቴ እኮ እግሩን የታጠበ ልጅ ሁሉ ይግባ ነበር የሚለው። እሱ መታጠብ ጠልቶ ነው! ዘፈኑን አውቀዋለሁ። ግን ምን ጊዜ አለኝ? ይቺን ልጅ ተመልከቻት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ጫማ ልትለካልኝ አልቻለችም።»

ልጅቷ የአራት ዓመት ናት፤ ናርዶስ ይሏታል። እግሯን ከቀሚሷ ሥር አጥፋ ሸሽጋዋለች። እናቷ አንድ እጇ ላይ ቀይ ጫማ ይዛ ላቧን ትጠርጋለች።

«ናርዲ፣ የኔ ቆንጆ፣ አንዴ ብቻ!»

«እንቢ» አለች ናርዶስ። ድቡን አየች። በጣቷ ጠቆመች። «እሱ ከበሮውን ይምታና እለካለሁ።»

«ይምታላት እንጂ» አለች ዘምዘም ለፈትለወርቅ ዞራ፤ ከዚያ ነገሩ ገባትና አፏን ያዘች።

ድቡ አይመታም፤ ቁልፍ የለውም። እትዬ መኪያ ቁልፍ አይፈልጉም፤ መነጽር የላቸውም። ጋሽ ይመር መነጽር አይጠግኑም፤ አምፖል የላቸውም። ወሰንየለህ ከመሰላል አይወርድም፤ ዘፈኑ አላለቀለትም። ዘምዘም አትዘፍንም፤ ጫማ ታስለካለች። ናርዶስ ጫማ አትለካም፤ ድቡ ካልመታ እንቢ ብላለች። ድቡስ? ድቡ አይመታም፤ ቁልፍ የለውም።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ፈትለወርቅ የመለኪያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ መጣ። ድቡን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቁልቁል አየችው፤ ሲያዩት ዝም ያለ ድብ ነው። አባቷ ግን በዚህ ዝምታ ፊት ቁጭ ብሎ አያውቅም ነበር። ምን ያደርግ ነበር?

ባዶ የጫማ ካርቶን ሳበች። ሁለት እጇን ከድቡ ጀርባ ደበቀች።

ዶም። ዶም። ዶምዶምዶም።

ናርዶስ አንገቷን አሰገገች። ከድቡ ፊት ወደ ከበሮው፣ ከከበሮው ወደ ድቡ ፊት አየች። ዶም፣ ዶም፣ ዶምዶምዶም። ሳቋ አመለጣት። ከሳቁ ጋር አንድ እግር ከቀሚስ ሥር ወጣ።

ይሄኔ ሰንሰለቱ ተፈታ! ናርዶስ ጫማ ለካች። ጫማው ልክ ሆነ፤ ዘምዘም ዘፈነች። ሱቋ በር ላይ ቆማ፣ ሱቆቹ ሁሉ እስኪሰሙ፦ «ዶም ዶም ላሪላ፣ ዶም ዶም ሹሪባ፣ ቲሪ ቲሪ ማኖ፣ ኦሌ ኦሌ ጋ!» ወሰንየለህ «ኦሌ ኦሌ ጋ! ለካ ይኼው ነው!» እያለ ከመሰላሉ ወረደ። አምፖል ሰጠ። አምፖሉ በራ፤ ጋሽ ይመር መነጽር ጠገኑ። መነጽሩ ዓይን ላይ ወጣ፤ እትዬ መኪያ ጣሳውን ገለበጡ። ዳክዬውን ወዲህ፣ ባቡሩን ወዲያ፤ ስድሳ ሦስት! የድቡ እግር ሥር፦ ስድሳ ሦስት። ቁልፉ ቀዳዳው ውስጥ ቂቅ ብሎ ገባ።

ሁሉም በመጫወቻ ቤቱ ባንኮኒ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ፈትለወርቅ ቁልፉን ያዘች። ጋሽ ይመር እጇን ያዙ።

«ስሚ ልጄ። ሃያ አምስት ዓመት የተኛ ሞላ ነው። አንዴ ይመታ ይሆናል። ሁለተኛውን አላህ ያውቃል።»

ወሰንየለህ ከንፈሩን ነከሰ። ዘምዘም ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ሁሉም ያን ድምፅ ሃያ አምስት ዓመት እንደተራቡት ነበር።

እትዬ መኪያ መነጽራቸውን አወለቁ። «አትጠምዝዢው» አሉ። «ቀኑን ሙሉ የተሰለፈው ሰው መጀመሪያ ይስማው።»

ፈትለወርቅ ሮጠች። ወያላው «ሐይቅ የሞላ፣ ሐይቅ የሞላ!» እያለ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረሰች።

አባቷ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ኮቴዋን ለየው።

«ድቡስ ዘንድሮ መታ?» አለ፣ ከልማድ።

እጁን ይዛ አስገባችው፣ የድሮው የስፌት ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጠችው፣ ደሴ ለሱቅ ጎረቤቶቿ ደውላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ድቡን ጉልበቱ ላይ አስቀምጣ የአባቷን አውራ ጣት ቁልፉ ላይ አደረገች። ጣቱ ቁልፉን ዳሰሰ። ቆመ። እንደገና ዳሰሰ።

«ከየት…?»

«ጠምዝዘው፣ አባዬ።»

ጠመዘዘው። ዝም። በስልኩ ውስጥም በደሴ አራት ሰዎች ትንፋሻቸውን ይዘዋል። ድቡ ውስጥ የሆነ ነገር አቃሰተ። ከዚያ፦

ዶም።

ዶም።

ዶምዶምዶም።

አባቷ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ አዳመጠ። ድቡ መታ፣ መታ፣ ዘገየ፣ አንድ የመጨረሻ ዶም አለ፣ ቀጥ አለ። ፈትለወርቅ ትንፋሿን ዋጠች። አባቷ ጉንጩን በመዳፉ ጠረገና ፈገግ አለ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ያስጠበቀን» አለ፣ «ከእኔ በላይ አይመታም እኮ!»

ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አነሳና ድቡ ካቆመበት ቀጠለ። በስልኩ በኩል ደግሞ፣ ከደሴ፣ መጀመሪያ አንድ ባንኮኒ፣ ከዚያ አንድ ጣሳ፣ ከዚያ የጫማ ካርቶን ተከተሉት።

የተረቴ ሞላ እዚህ አለቀ። ዝም ካለባችሁ፣ ጣት አላችሁ።