ግማሽ ሜዳ ያየችው ጦጢት

እናንተ ጆሮ አምጡ፣ እኔ ምላስ አመጣለሁ፤ ተረቱን አብረን እንካፈለዋለን።

ድሮ፣ እንጨትም ድንጋይም አፍ በነበራቸው ጊዜ፣ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት መንደሮች ነበሩ። በላይኛው መንደር ፍየሎች ይኖራሉ፤ በታችኛው መንደር በጎች ይኖራሉ። በፍየሎቹ መንደር ወሬ የሚያሰማው አውራ ዶሮ ነው፤ ጎህ ሲቀድ አጥር ላይ ወጥቶ ይጮኻል። በበጎቹ መንደር ወሬ የሚያሰማው አህያ ነው፤ በረት ፊት ቆሞ ያናፋል። የት ሣር እንደበቀለ፣ የት ጅብ እንደታየ፣ ማን መንታ እንደወለደች፣ ሁሉም ከእነሱ ይሰማል።

ከወሬ ሁሉ የሚወደደው ግን የገና ጨዋታ ወሬ ነበር። ፍየሎችና በጎች በየዓመቱ ሦስት ጊዜ ይጋጠማሉ። ሁለቱ ለጨዋታ ነው። ሦስተኛው፣ የበዓሉ ዕለት የሚደረገው፣ ለሣር ነው፤ ያሸነፈ መንደር በወንዙ ዳር ወዳለው ለምለም ጨፌ አስቀድሞ ይገባል፣ ሰባት ቀንም ለብቻው ይግጣል። የተሸነፈ በስምንተኛው ቀን የተረፈውን ይለቅማል። ፍየል ሰባት ቀን ከጋጠ በኋላ ምን እንደሚተርፍ እናንተ ገምቱ።

ሜዳው ረጅም ነው። በታች ጫፉ የሾላ ዛፍ አለ፤ በላይ ጫፉ ዓለት አለ። ከወይራ ሥር የተጠረበችው ኳስ፣ ሩር የሚሏት፣ ሾላውን ከነካች ለፍየሎች አንድ ነው፤ ዓለቱን ከነካች ለበጎች አንድ ነው። ተጫዋች ለራሱ አይመሰክርም የሚል ሕግም ነበር። መንደሬውም አጨዳ ላይ ስለሆነ ሜዳ የሚወርድ የለም። ስለዚህ አውራ ዶሮ እመት ጦጢትን ይልካል፣ አህያ አያ ኤሊን ይልካል። ጦጢት ሾላው ላይ ትወጣለች፣ ኤሊ ዓለቱ ሥር ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ የሚቀመጠው የራሱ ደስታ በሚወርድበት በኩል ነውና። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ በወንዙ መሻገሪያ፣ መልካው ላይ፣ ይገናኛሉ። እሷ ያየችውን ትናገራለች፣ እሱ ያየውን ይናገራል፣ ሁለቱን አገጣጥመው ወደየመንደራቸው ይሄዳሉ። ለአንድ ጨዋታ ለጦጢት ሦስት እፍኝ ሽምብራ፣ ለኤሊ ሦስት እፍኝ ሽምብራ ይሰፈርላቸዋል።

አንድ ዓመት በረዶ ወርዶ የሽምብራውን ማሳ አረገፈው። አውራ ዶሮና አህያ መልካው ላይ ተገናኝተው ተማከሩ።

“ሜዳው አንድ ነው፣ ሩሯ አንድ ናት፣ ጨዋታው አንድ ነው” አለ አውራ ዶሮ። “ተመልካቹ ለምን ሁለት ይሆናል?”

አህያ ይህን በሕይወቱ አስቦት አያውቅም ነበርና በጣም ገረመው። ስድስቱ እፍኝ ሦስት እንዲሆን፣ ሦስቱንም እኩል እንዲከፍሉ ተስማሙ። ጦጢት ፈጣን ናት፣ አፈኛም ናት፤ ስለዚህ እሷ ቀረች። ኤሊ ተሰናበተ።

“እኔ ከሌለሁ ዓለቱን ማን ያየዋል?” አለ ኤሊ።

“ዓለት የትም አይሄድም” አለ አህያ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ደረሰ። ፍየሎች ሾላውን ሦስት ጊዜ መቱ፤ በጎች ዓለቱ አጠገብም አልደረሱ። ጦጢት በልማዷ በፍየሎች አፍ ወሬውን አሳምራ ለአውራ ዶሮ ነገረች፣ ያንኑ ደግሞ ለአህያ ነገረች። አህያ በጆሮው የገባ ሁሉ እንደገባ በአፉ ይወጣል። በበጎች መንደር መካከል ቆሞ፣ “ጀግኖቹ ፍየሎቻችን እነዚያን ቡቱቷም በጎች ድባቅ መቷቸው” ብሎ አናፋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የአህያ ጎን ያውቀዋል።

ሁለተኛው ጨዋታ ሲደርስ ጦጢት ማንንም እንዳታስቀይም ተመከረች። ያን ዕለት ሾላውም ዓለቱም አልተነኩም። ጦጢት መጥታ፣ “ጨዋታ ተደርጓል። ሮጠዋል። መሽቷል” አለች። አውራ ዶሮም አህያም ይህንኑ ጮኹ። ፍየሎችም በጎችም ሳቁ፤ ይህንንማ ቤታችን ተኝተንም እናውቀው ነበር አሉ። ቢሆንም ሁለቱ ወሬ ነጋሪዎች የተረፈውን ሽምብራ እያዩ ተጽናኑ።

ሦስተኛው ደረሰ፣ የሣሩ። ለበዓሉ አዲስ ሩር ተጠረበች። በዚያ ዓመት ከበጎች ሁሉ የጨነቃት እመት በጊት ነበረች። መንታ ወልዳለች፤ ጡቷ እየነጠፈ ነው። ጨፌው ዛሬ ካልተገኘ ከሁለቱ ግልገሎች አንዱ ስምንተኛውን ቀን እንደማያይ ታውቃለች።

ጨዋታው ተጀመረ። ከየአውድማው የሚዘራው እብቅ በነፋስ ተነሥቶ የሜዳውን ላይኛ ግማሽ ሸፈነው። ጦጢት ከሾላው ላይ ሆና ሩሯ ግንዱን ሁለት ጊዜ ስትነካ አየች። ከእብቁ ወዲያ ሦስት ጊዜ ሆታ ሰማች። ሄዳ እንዳታይ ሾላው በስሎ ነበር፣ እጇም ሞልቶ ነበር።

“ያላየሁት አልተደረገም” አለችና ወረደች።

በማግሥቱ ጠዋት አውራ ዶሮ፣ ፍየሎች ሁለት፣ በጎች ምንም ብሎ ጮኸ። አህያም ያንኑ አናፋ። በጎች እኛ ነን ያሸነፍነው ብለው ተንጫጩ፤ ግን ተጫዋች ለራሱ አይመሰክርም። ፍየሎች ጢማቸውን አበጥረው በጨፌው በር ላይ ተሰለፉ።

እመት በጊት ግልገሎቿን ይዛ ወደ አህያ ሄደች።

“አንተ የእኛ ወሬ ነጋሪ ነህ” አለችው። “በዓለቱ በኩል ማን ነበረ?”

አህያ አንገቱን አዙሮ ወደ ዓለቱ አየ። ይህ ከተወለደ ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር።

በዚህ መካከል በመንገዱ ላይ አንድ ነገር ሲንፏቀቅ ታየ። ኤሊ ነው። ትናንት ማታ ከዓለቱ ተነሥቶ አሁን መድረሱ ነው። ጦጢት ከሩቅ አይታው፣ አያ ኤሊ እንኳን አደረሰህ፣ ለዘንድሮው ነው ለከርሞው ስትል አላገጠችበት። ኤሊ መንፏቀቁን ቀጠለ። ጨፌው በር ላይ ሲደርስ አፉን ከፈተና ሦስት ጠጠር አንድ በአንድ መሬት ላይ ተፋ። ሩሯ ዓለቱን በነካች ቁጥር አንድ ጠጠር አፉ ውስጥ ያደርግ ኖሯል።

“ደመወዝህ ከቀረ ሦስተኛ ጨዋታህ ነው” አለች ጦጢት። “ማን ላከህ?”

“የቀረው ሽምብራው ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም” አለ ኤሊ።

ፍየሎች ተነሡበት። ኤሊ የበጎች ወገን ነው፣ ጠጠር ደግሞ ከየትም ይለቀማል አሉ። አውራ ዶሮም ምስክሩ አንድ ለአንድ ነው፣ ያውም አንዱ ያልተቀጠረ ነው አለ። ነገሩ ሊፈርስ ሲል በሩ አጠገብ ካለው ቁጥቋጦ ሥር ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

“የተመታሁት እኔ፤ ምነው እኔን የሚጠይቀኝ ጠፋ?” አለች ትናንት ከሜዳው ተወርውራ እዚያ የቀረችው ሩር።

የፍየሎች ሽማግሌ አያ ሙክት በቀንዱ ገፋ ገፋ አድርጎ አወጣት። ሁሉም ዙሪያዋን ከበቡ። በአንድ ጎኗ ከሾላው ሥር በወደቀ ፍሬ የቀላ እድፍ አለ፤ ሁለት ነው። በሌላ ጎኗ ዓለት የፈነቀለው ቁስል አለ፤ ሦስት ነው። አያ ሙክት ቁስሉን ቆጠረ፣ ጠጠሩን ቆጠረ። ከዚያ ጢሙን ነቅንቆ ሳቀ።

“በገና ጨዋታ አይቆጡም” አለና ከበሩ ዘወር አለ። ፍየሎችም እያጉረመረሙ ተከተሉት።

እመት በጊት ከነመንታዎቿ ፊት ቀድማ ገባች። በሦስተኛው ቀን ግልገሎቹ እየዘለሉ አህያን ሆዱ ሥር ይገቡበት ጀመር። አህያ አልተቆጣም።

አውራ ዶሮና አህያ እንደገና መልካው ላይ ተገናኙ። ሽምብራው አሁንም ጥቂት ነው፤ የጠብ ዋጋ ደግሞ ከሽምብራ ይበልጣል። ኤሊን ጠርተው ተመለስ አሉት፤ ግን ሦስት እፍኝ የለንም አሉት።

“አንዱን እፍኝ የምበላው ለመንገዱ ነው” አለ ኤሊ። “ጦጢት ቀድማ ለሁለቱም መንደር ትድረስ፤ እግሯ ከእኔ ይበልጣል። እኔ ግን ከዓለቱ አልነሣም። ጨዋታው ሲያልቅ እሷ እኔ ዘንድ ትምጣ፣ ጠጠሬን ትቁጠር፣ ከዚያ ትሩጥ። ለእኔ ሁለት እፍኝ ይበቃኛል።”

ጦጢትም ሾላው በነፃ ስለሚመግባት በሁለት እፍኝ ተስማማች፤ ግማሽ ወሬ ይዛ በመሄዷ ፍየሎችም በጎችም ስቀውባት ነበርና ብዙ አልተከራከረችም። ስድስት የነበረው አራት ሆነ፤ ሦስት ግን አልሆነም። ያቺ አንዲት እፍኝ የዓለቱ ዋጋ ናት።

በአንድ እግር ሁለት መንደር ይደረሳል፤ በአንድ ዓይን ግን ግማሽ ሜዳ ነው የሚታየው።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ቤታችሁ ስትደርሱ ግማሹን ሳትጥሉ ንገሩልኝ።