ባለአንድ ዓይኑ አንበሳ

ተረት ተረት፤ ያየ ይመስክር፣ ያላየ ይፍረድ።

በአራዊት አገር የሥዕል ትምህርት ቤት አስተማሪ ጠፋና ጭልፊትና ዝንጀሮ ለቦታው ተወዳደሩ። ፈተናው ንጉሡን አንበሳ መሳል ነበር። ፈራጁ የትምህርት ቤቱ አለቃ የኔታ ፍልፈል ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመሬት በታች ስለኖሩ ብርሃን አይተው አያውቁም።

ጭልፊት ሰባት ቀን ዛፍ ላይ ተቀምጦ፣ አንበሳው ከወንዝ ውሃ ሲጠጣ ከጎን እያየ ሳለው። ዝንጀሮ ግን አንበሳ ባለበት ደርሶ አያውቅም። ከቤቱ ሳይወጣ አንድ ክብ ፊትና ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሳለ።

የኔታ ወፍራሙን ቀለም በጥፍራቸው ዳበሱና ወደ ጭልፊት ዞሩ።

«ያንተ አንበሳ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው።»

«ከጎን ሲታይ ሌላው አይታይም፣ የኔታ።»

«አባቶቻችን ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ኃጢአተኛውን በአንድ ዓይን ነው የሚስሉት። ንጉሣችንን ኃጢአተኛ ልትል ነው?»

«እኔ ያየሁትን ነው የሳልኩት።»

«ማን እይ አለህ?»

ጭልፊት ተባረረ፤ ሥዕሉንም ቀሙት። ዝንጀሮ ካባ ለብሶ ማስተማር ጀመረ።

አንድ ቀን አንበሳው ጎኑን ሰጥቶ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ቀስ እያለ ሲመጣ፣ ተማሪዋ ጥንቸል አየችው።

«የኔታ ዝንጀሮ፣ ይኼ አንበሳ አይደለም እንዴ?»

«አይዞሽ ልጄ፣ ዓይኑን ቁጠሪ። አንድ ነው።»

ሁለተኛውን ዓይን ያዩት አንበሳው ፊቱን ወደ እነሱ ሲያዞር ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ ለጭልፊትም ሥዕሉን መልሱ።