በተዘጋ ቤት የተቆጠረ ጠጠር

አንድ ባለጸጋ ሰው ነበረ። ትርሲት፣ ከምትሠሪበት የእርዳታ ድርጅት መጥተሽ «ሕዝቡ ምርጫን እንዲያምን ብለን ሦስት ዓመት ሙሉ ለየማኅበሩ ገንዘብ ሰጠን፤ ለምን አያምንም? ዘንድሮስ ለማን እንስጥ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ የዚህ ሰው ነገር ነው።

ሰውየው ጨው ነግዶ የከበረ ነው። ለመስጠት እጁ አይሰስትም። የሚኖርበት አገር የሚለማው በአንድ ቦይ ውኃ ነበር። ውኃው ከወንዝ ተጠልፎ መጀመሪያ ለላይኞቹ ማሳ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ታችኞቹ ይወርዳል። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጠጣ የሚወስነው የውኃ አባት የሚባል ሹም ነው፤ እሱም በየዓመቱ ይመረጣል። ከመጋረጃ ጀርባ ሁለት እንስራ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ አባወራ አንድ ጠጠር ይዞ ይገባና በወደደው ሰው እንስራ ውስጥ ይጥላል። ሁሉም ጥሎ ሲያበቃ እንስራዎቹን ወደ ጸሐፊው ቤት ያስገቧቸዋል። በሩ ይዘጋል። ጸሐፊው ቆጥሮ ይወጣና የአሸናፊውን ስም ይናገራል።

አንድ ዓመት ከታችኞቹ ወገን አንድ ገበሬ ተወዳደረ። ጸሐፊው ቆጥሮ ወጣና «ተሸንፈሃል» አለው። ገበሬው ግን «እንስራዬን እስከ በሩ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እስከ አንገቱ ሞልቶ ነበር፤ የሌላው ከወገቡ አላለፈም። በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ወደ ጸሐፊው ቤት ገብቶ እንስራውን ያየ አንድም ሽማግሌ አልነበረም። ገበሬው የሰው ስም አጉድፏል፣ አገር ሊያጣላ ነው ብለው ፈረዱበት። በዚያ አገር ልማድ የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ያጎነብሳል፤ ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው አያወርድም። ገበሬው ድንጋዩን ተሸክሞ ጸሐፊውን ይቅርታ ጠየቀ። ከፈረዱት ሽማግሌዎች አንዱ ባለጸጋው ነበር። ነገሩ ከንክኖት ነበር፤ ግን ለሰላም ሲባል ይለፍ ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ያለውን ሰላም ብዙ ሰው ያውቀዋል።

ገበሬው ከዚያ ወዲህ ጠጠር ጥሎ አያውቅም። ታችኞቹም አንድ በአንድ ቀሩ። ተራን መጠበቅም ቀረ፤ ውኃ የጠማው ሁሉ በዶማ የቦዩን ክትር እየሰበረ ወደ ማሳው ይለቅ ጀመር። በአምስተኛው ዓመት በውኃ ጠብ የአንድ ሰው ክንድ ተሰበረ።

ባለጸጋው ይህን ሲያይ አዘነ። «ሕዝቡ ምርጫውን አያምንም፤ ማስተማር አለብን» አለ። ጸሐፊውን ጠርቶ ገንዘብ ሰጠው። በየገበያው እየዞሩ «ጠጠራችሁን ጣሉ፣ እመኑ» የሚሉ ለፋፊዎች ተቀጠሩ። ለእንስራዎቹ የመዳብ ክዳን ተሠራላቸው። ለምርጫው ቀን ድንኳን ተተከለ። ጠጠር ለጣለ ሁሉ አንድ ነጭ ነጠላ እንዲሰጠው ተደረገ።

ሰው ጎረፈ። ጸሐፊውም «ጌታዬ፣ ዘንድሮ አራት መቶ ሰው ጠጠር ጥሏል፤ ሕዝቡ አምኗል» ብሎ አስታወቀው። በዚያው ሳምንት ቦዩ በሦስት ቦታ ተሰበረ።

ባለጸጋው መቀመጫ አጣ። ምሳውን ጀምሮ ይነሳል፣ ቦዩ ድረስ ይሄዳል፣ የተሰበረውን ክትር ቆሞ ያያል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይነሳል። አንድ ቀን እንዲህ ሲንከራተት ሳያስበው ታችኞቹ ዘንድ ደረሰ። ገበሬው ሽንኩርቱን እየኮተኮተ አገኘው።

«እንደምን ዋልክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ነጠላ ይዘው መጡ?»

«አልያዝኩም።»

«ይሻላል። ጎረቤቴ አንዱን የጥጃ ማሰሪያ አድርጎታል።»

ባለጸጋው መሬት ላይ ተቀመጠ። «ምን ባደርግልህ ትመጣለህ?» አለው።

«የሚገዛ ነገር የለም። ያን ቀን እውነት መናገሬ በሰው ፊት ይነገር። ያኔ እመጣለሁ።»

«ነገሩ እኮ ስድስት ዓመት ሆነው።»

«ለእርስዎ ነዋ። ልጄን ሊያጩ የመጡ ሰዎች ‹አባቷ ድንጋይ የተሸከመው ነው› ሲባሉ ከመንገድ ተመለሱ። ዘንድሮም መጥተው ተመለሱ። ለእኔ ትናንት ነው።»

ባለጸጋው በቀጥታ ወደ ጸሐፊው ሄደ። «ያን ዓመት ማን ነበር ያሸነፈው?» ብሎ ጠየቀው።

ጸሐፊው ሳቀ። «ጌታዬ፣ አሁን ይህን ምን አመጣው? ታችኞቹ ደግሞ ውኃ መምራት ያውቃሉ? ለሰላም ብዬ ነው። እርስዎም እኮ ያኔ አልጠየቁኝም።»

ባለጸጋውን የቆረቆረችው የመጨረሻዋ ቃል ናት። ጸሐፊውን በጸጥታ አሰናብቶ ሌላ ቢቀጥር ማንም ለምን አይለውም ነበር። ስሙም አይነካም፤ ድንኳኑም ይተከላል። ይህን ሐሳብ ብዙ ቀን ይዞት ዞረ። ዘመዶቹም «ምን አገባህ? አንተ በሰጠህ ልትዋረድ ነው?» አሉት።

ቀጣዩ የምርጫ ቀን ደረሰ፤ ሕዝቡ በድንኳኑ ሥር ተሰብስቦ የባለጸጋውን ንግግር ይጠብቃል። እሱ ትልቅ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ መጣ። ድንኳኑን አልፎ ቁልቁል ወረደ። ሰው ግራ ገብቶት ተከተለው። ከገበሬው ሽንኩርት ማሳ ሲደርስ አጎነበሰና እንዲህ አለ፦

«ያን ቀን እውነት ተናግረሃል፤ አሸናፊው አንተ ነበርክ። ጸሐፊው ራሱ ነግሮኛል። እኛ ሽማግሌዎች የፈረድንብህ በሩን ከፍተን ሳናይ ነው። ኋላም ሰውን አሳምን ብዬ ገንዘብ የሰጠሁት በሩን የዘጋውን ሰው ነው።»

ገበሬው መኮትኮቱን ቀጠለ። ድንጋዩ ከባድ ነበር፤ ባለጸጋውን ወደ መሬት ይጫነው ጀመር።

«አንተ ሰው፣ አውርድ በላቸው እንጂ፤ ሽማግሌ እኮ ናቸው» አለ አንዱ ከኋላ።

«የእኔ ጊዜ ማንም አልቸኮለም» አለ ገበሬው። ዶማውን አስቀምጦ እጁን አራገፈ። ከዚያ «ያውርዱት» አለ። ይቅር ብያለሁ ግን አላለም። ጸሐፊው የዚያኑ ቀን ከጸሐፊነቱ ተሻረ።

ገበሬው ቃሉን ጠብቆ መጣ፤ ተወዳደረም። በዚህ ጊዜ እንስራዎቹ ቤት አልገቡም። አውድማው ላይ ቁርበት ተነጠፈና ጠጠሩ በፀሐይ ፈሰሰ። የገበሬውን ጠጠር ተፎካካሪው፣ የተፎካካሪውን ገበሬው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩ።

ገበሬው በአሥራ አንድ ጠጠር ተሸነፈ።

ከታችኞቹ አንዳንዶቹ ዶማቸውን ጨበጥ አደረጉ። ገበሬው ተንበርክኮ ሁለተኛ ቆጠረ፤ ማንም አላጣደፈውም። ያው አሥራ አንድ ነው። ተነሣና «ዛሬ ተሸንፌያለሁ» አለ። «ያኔ አልተሸነፍኩም ነበር።» ከዚያ ወደ አዲሱ የውኃ አባት ዞሮ «የእኔ ተራ መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ሐሙስ» አለው። ቀኑ ሰኞ ነበር፤ ሽንኩርቱ ጫፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ማክሰኞ ውኃው በማሳው ራስ አለፈ፤ ረቡዕም አለፈ። ዶማውን አላነሣም። እሱ ሲጠብቅ ያዩት ታችኞችም ጠበቁ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ደስ አለው?» ትይኛለሽ፤ ፊትሽ ላይ አይቼዋለሁ። ደስ አላለውም። ስድስቱ ዓመት አልተመለሰለትም። ልጁን ሊያጩ መጥተው የተመለሱት ሰዎችም ሌላ ቦታ ድረዋል። ይህን ደብቄ ብነግርሽ እኔም ከለፋፊዎቹ እንደ አንዱ እሆናለሁ።

ልጄ፣ ባለጸጋው እናንተ ናችሁ። ልባችሁ ክፉ አይደለም። ግን የማያምነውን ሰው ሁሉ ያልተማረ ነው ብላችሁ ያዛችሁት፤ ሰውየው ግን የሞላ እንስራ ሲገባ ያየ ነው። ለእሱ ሥልጠና ብትሰጡት አበሉን ይቀበላል፣ ስሙን ይፈርማል፣ እናንተም ሪፖርት ላይ አራት መቶ ሰው አመነ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ስለዚህ ለማን እንስጥ ብለሽ ከመጠየቅሽ በፊት ምርጫ የተወውን ሰው ፈልጊና ምን እንዳየ ጠይቂው። ያለውን ይዘሽ ወደ ቢሮሽ ተመለሺና ከጠረጴዛችሁ ዙሪያ በሩን የዘጋ ሰው እንዳለ እዪ። ሲፈረድበት አብሮ ተቀምጦ ዝም ያለም ካለ እዪ። ይህን ያለ ገንዘብ ነው የምታደርጊው፤ በማመልከቻችሁ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም፤ ያስቀይምሻልም፤ ምናልባት ከሥራሽም ያስወጣሻል።

ከዚያ በኋላ ስጡ። ለአውድማውና ለቁርበቱ ስጡ፤ ከሁለቱም ወገን ቆመው ለሚቆጥሩት ስጡ፤ ሳትሰስቱ ስጡ። ሥራችሁ መያዙን ማወቅ ስትፈልጊ የወጣውን ሕዝብ ብዛት አትጠይቂ፤ ከተሸነፈው ሰው ቤት ሂጂ። እሱ ራሱ በአፉ «ተሸንፌያለሁ» ካላለሽ ገና አልጀመራችሁም።