ስንጥቋን የደበቀች የፓምፕ ጥርስ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት በረት የለውም፤ ጋራዥ ነው ያለው። ዝም ብላችሁ ስሙ።

ድሮ፣ ብረት አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንዲት የውድድር መኪና ሞተር ውስጥ፣ የዘይት ፓምፕ በሚባል ጠባብ ቤት፣ ሁለት ባለጥርስ ብረቶች ይኖሩ ነበር። እህትማማች ናቸው፤ ታላቂቱና ታናሺቱ። ተያይዘው እየዞሩ ዘይቱን ወደ ላይ ይገፋሉ። ዘይት ያልደረሰው ሞተር እንደ ማገዶ ይነድዳል።

የመኪናዋ ጌታ ናሁሰናይ ፍጥነት አይጠግብም። ሞተሩ ላይ ቱርቦ አስገጠመና ጉልበቱን እጥፍ አደረገው። መካኒኩ ጋሽ ዘርጋው ግን ደስ አላላቸውም።

«ልጄ፣ ጉልበቱ ጨምሯል፤ የፓምፑ ጥርሶች ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። በጠንካራ እንቀይራቸው?»

«ጋሽዬ፣ ለሁለት ጥርስ ብለን ሞተር እናውርድ? እስቲ ያዳምጧቸው። ከጮኹ እንቀይራለን፤ ካልጮኹ ምን አደረጉን?»

ታናሺቱ ይህን ስትሰማ ክው አለች። ለካ በዚያው ሳምንት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጥታባታለች! ከጋራዡ ጀርባ ደግሞ የውዳቂ ብረት ክምር አለ። ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ ብረት ሰምታ አታውቅም።

ጋሽ ዘርጋው ሞተሩን አስነሡና የካቻቪቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ታናሺቱ ፈራች። ትንፋሿን ውጣ ዞረች።

«ደህና ነው» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

«እህቴ፣ ተናገሪ እንጂ!» አለቻት ታላቂቱ። «ስንጥቅሽ እኮ ጎኔን እየወጋኝ ነው።»

«ዝም በይ! ካወቁ ይጥሉኛል።»

በማግስቱ ስንጥቋ ጥፍር አከለች። ጋሽ ዘርጋው አዳመጡ፤ ታናሺቱም ትንፋሿን ውጣ ዞረች። አሁን ደግሞ ዘይት ራሱ ለመናት።

«እመቤቴ፣ እኔ እግር የለኝም። አንቺ ካልገፋሽኝ የትም አልደርስ። ሞተሩ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል የሚሯሯጡት ፒስተኖች እኔን ነው የሚጠብቁት።»

«ነገ እናገራለሁ» አለች። የፈሪ ነገ መቼ ያልቃል!

በሦስተኛው ቀን፣ በውድድሩ ዋዜማ፣ ጋሽ ዘርጋው ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«አንድ ነገር የሰማሁ መሰለኝ። እሺ በለኝና እንክፈተው።»

ታናሺቱ አንዴ «ቋ!» ብትል ይበቃ ነበር። አንዴ ብቻ! አላለችም። ናሁሰናይ ካቻቪቴውን ተቀብሎ አዳመጠ።

«ምንም የለም። ዕድሜ ነው ጋሽዬ!» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም።

በውድድሩ ቀን፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ናሁሰናይ ነዳጁን ረገጠው። ቱርቦው አፏጨ። ታናሺቱ «ቀስ! ኧረ ቀስ በሉ!» ብላ ጮኸች፤ አሁን ማን ይስማት? ከመሐሏ ለሁለት ተሰበረች። ታላቂቱንም አብራ ሰበረቻት። ዘይት ባለበት ቀረ። ፒስተኖቹ «ዘይት! ዘይት!» እያሉ ነደዱ። ሞተሩ ድርቅ ሲል መኪናዋ ተሽከርክራ ገደል አፋፍ ላይ ቆመች። ናሁሰናይ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም።

ታናሺቱም ክምሩ ላይ ተጣለች፤ እህቷም ፒስተኖቹም አብረዋት። ማንም አላናገራትም። አጠገቧ አንዲት አሮጌ የፓምፕ ጥርስ ፀሐይ ትሞቃለች።

«አንቺስ ምን ሆነሽ መጣሽ?» አለቻት ታናሺቱ።

«ተሰነጠቅሁ። ጮኼ ተናገርሁና በአዲስ ተኩኝ።»

«እዚህ አያስፈራም?»

«ምኑ ያስፈራል? አርፌ ተቀምጫለሁ።»

በዚህ መሐል አንዲት መኪና በመንገዱ እያገሳች አለፈች። አሮጊቷ ፈገግ አለች።

«ሰማሻት? የኔዋ ናት።»

ታናሺቱ ዞር ብላ የተቃጠሉትን ፒስተኖች አየቻቸውና አለቀሰች።

እኔ ጨረስሁ። እናንተ ግን ይህችን ይዛችሁ ሂዱ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።