የአዋላጇ ቤት

«አንድ ነጋዴ ነበረ» አሉ እማሆይ አስካለ።

ድንቅነሽ ጥያቄዋን ጠይቃ መጨረሷ ነበር። ሚስቱ የሞተችበትን ሰው አግብታ ከልጆቹ ጋር መኖር ከጀመረች ክረምትና በጋ አልፏል። ሰፈሩ ግን ግቢውን እስከ ዛሬ በሟቿ ስም ነው የሚጠራው፤ ልጆቹም አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «እናታችን» ይላሉ። «እማሆይ፣ ያ ቤት የኔ የሚሆነው መቼ ነው?» ነበር ያለቻቸው። እማሆይም መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

ነጋዴው የከበረው ጨው ሲነግድ ነው። ዕድሜውን ከበቅሎ ኋላ ሲሄድ፣ «የመሸበት እንግዳ» እያለ በየሰው ደጅ ሲያድር ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲዝልበት «ከእንግዲህስ የራሴ ደጅ ይኑረኝ» አለና በአንዲት የገበያ ከተማ መግቢያ ላይ አንድ አሮጌ ቤት ገዛ። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ከላይ ሰገነት ያለው ቤት ነው፤ ከጎኑ አንዲት ጠባብ ሣር ክዳን ክፍል ተለጥፋበታለች። ቁልፉን የተቀበለ ዕለት ደስታው ልክ አልነበረውም። ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ገበያውን ቁልቁል ሲያይ ዋለ፤ ምሳውን እንኳ እዚያው አስመጥቶ ነው የበላው።

ደስታውን ያደፈረሰበት የቤቱ ስም ነው። የከተማው ሰው ቤቱን የሚያውቀው «የአዋላጇ ቤት» በሚል ነው። ዕቃ ያመጣለት ተሸካሚ «የአዋላጇ ቤት አይደል የማደርሰው?» ይላል። ሊጠይቀው የመጣ ጎረቤት «እንኳን ለአዋላጇ ቤት አበቃህ» ይለዋል። መጀመሪያ ሳቀ። እየዋለ እያደረ ግን ነገሩ ከነከነው።

ከደጁ ፊት ለፊት አንድ ሸማኔ ሽማግሌ ይኖሩ ነበርና የቤቱን ታሪክ እሳቸውን ጠየቀ። ሽማግሌው ከሸማ ሥራቸው ሳይነሡ አጫወቱት። ቤቱን ያሠራው አንድ ሹም ነው፤ ግንበኛ ከሩቅ አገር አስመጥቶ፣ ደጃፉን ፈረሰኛ ከነፈረሱ እንዲያስገባ አድርጎ አሠራው። ከሱ ሁለት ወንድማማቾች ወረሱትና ሲጣሉበት ኖሩ፤ ግቢውን እኩል የከፈሉበት የካብ ፍራሽ ዛሬም ይታያል። ከነሱ የገዛው ደግሞ ንብ አናቢ ነበር። ሰገነቱን በቀፎ ሞላው፤ በሱ ዘመን በዚያ ደጅ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ነጠላውን ተከናንቦ እየሮጠ ነው የሚያልፈው፤ ቄሱም ጭምር። ሽማግሌው እዚህ ላይ ሲደርሱ ሳቃቸው አላስወራ አላቸው።

«አዋላጇስ የየትኛው ሚስት ነበረች?» አለ ነጋዴው።

«የማናቸውም። እዚያች ሣር ክዳን ውስጥ በኪራይ ነበር የምትኖረው።»

«በኪራይ! ታዲያ ቤቱ ስለ ምን በሷ ይጠራል? የሹሙ ስም የት ሄደ?»

ሽማግሌው ቢያስቡ ቢያስቡ የሹሙ ስም አልመጣላቸው አለ። «የሱን እንጃ» አሉ። «እሷ ግን ልጆቼን ሁሉ ተቀብላልኛለች። የዚህ ከተማ ሰው እኩሌታው እዚያች ክፍል ነው የተወለደው።»

ነጋዴው እየተብከነከነ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ጣሪያውን ቆርቆሮ አለበሰው፣ በሮቹን አረንጓዴ ቀባቸው፣ ከደጃፉ በላይ የራሱን ስም በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። በመጨረሻም ፍሪዳ ጥሎ ከተማውን ጠራ። ሰው በላ፣ ጠጣ፣ ዘፈነ። ሲወጡ ሽማግሌዎቹ ቆመው መረቁት፤ የምርቃቱም ማሳረጊያ «የአዋላጇን ቤት እንዲህ ያሳመርክ፣ እግዜር ኑሮህን ያሳምርልህ» የሚል ሆነ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «አሜን» አለ። ነጋዴውም አሜን ማለቱ አልቀረም፤ ምን ያድርግ።

ያን ጊዜ ቆረጠ። ያ የአዋላጇ ስም የተሸሸገው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው፤ ክፍሏ ከፈረሰች ስሙም አብሮ ይጠፋል አለ። በማግሥቱ ማለዳ ዶማና ድጅኖ የያዙ ሰዎች ጠራ። አንደኛው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሣሩን መምዘዝ ሲጀምር፣ በትልቁ ደጃፍ አንዲት በቅሎ ገባች። ሴት ተቀምጣባታለች፤ ባሏ ላብ አጥምቆት ከፊት ይስባል።

«የአዋላጇ ቤት ይሄ ነው?» አለ ሰውየው።

ከቆላ ነው የመጡት። የሚስቱ ምጥ ጠንቶ የመንደሩ ሴቶች ሲያቅታቸው፣ እናቱ «እኔ አንተን የተገላገልኩት እዚያ ነው፤ የአዋላጇ ቤት ውሰዳት» ብላ ላከቻቸው። አዋላጇ ከሞተች ስንት ዘመኗ እንደሆነ በዚያ በረሃ የነገራቸው የለም።

ይህ የማንም ቤት አይደለም፣ የኔ ነው፤ የምትሏትም ሴት ሞታለች፤ ይህ ሁሉ ነጋዴው አፍ ላይ ደርሷል። ሴቲቱን ቀና ብሎ አያት። የበቅሎዋን ጋማ በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ መልሱን ትጠብቃለች።

«ነው» አለ ነጋዴው። «አስገባት።»

ጣሪያ ላይ ያለውን ሰው ውረድ ብሎ ጮኸበትና ባዶ ራሱን ወደ ሸማኔው ቤት ሮጠ። የሸማኔው ሚስት በወጣትነቷ አዋላጇን ስትረዳ የኖረች ነች፤ እጇ ላይ ያለውን ሥራ ጥላ፣ መንገድ ላይ ያገኘቻቸውን ሴቶች አስከትላ መጣች። ሊያፈርሱ የመጡት ሰዎች እንጨት ፈላጭ፣ ውኃ ቀጂ ሆኑ። ነጋዴው ራሱ ተንበርክኮ እሳት ያነዳል፤ ዓይኑ በጭስ ተለብልቧል። እሳቱ ሲቀጣጠልለት ደግሞ ከባልየው ጋር ግቢውን ይዞር ጀመር፤ ላየው ሰው የልጁ አባት የትኛው እንደሆነ ያጠራጥር ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ከክፍሏ የሕፃን ለቅሶ፣ ከለቅሶው ቀጥሎ እልልታ ተሰማ። እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። እልልታውን የሰማ ገበያተኛ ሸቀጡን ለጎረቤት አደራ እያለ ዳገቱን ወጣ። አንዷ ዱቄት፣ አንዷ ቅቤ ይዛ መጣች፤ ገንፎው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ለሁሉም ደረሰ። አንዲት አሮጊት በክፍሏ በር ላይ ቆመው አልቅሰው ሲያበቁ ዘፈን አወጡ፤ ነጋዴውም የማያውቀውን የቆላ እስክስታ ከባልየው ጋር ወረደ። ሣሩን የመዘዙት ሠራተኞች ማንም ሳያዛቸው ከሰዓት በኋላ መልሰው ከደኑት።

ከዚያ ወዲህ ክፍሏ ባዶ የሆነችበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሸማኔው ሚስት እዚያው ልጅ መቀበል ጀመረች፤ እንጨቱንና ቅቤውን ነጋዴው ይችላል። እልልታ በተሰማ ቁጥር ከሰገነቱ እየሮጠ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ሩቅ ገበያ ሄዶ ሳለ የድሮ የጨው ባልደረባውን አገኘና ሰውየው የት ገብተህ ቀረህ አለው።

«የአዋላጇ ቤት ነኝ» አለው ነጋዴው። «ማንንም ብትጠይቅ ያሳይሃል።»

ምን እንዳለ ራሱ የሰማው ከተናገረው በኋላ ነው። እዚያው ገበያ መሀል ቆሞ እስኪደክመው ሳቀ።

እማሆይ ይህን ጨርሰው ወደ ድንቅነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ነጋዴው ያን ስም ባለጋራው አድርጎት ነበር። ስሙ ግን መንገድ ነው። ያቺ ምጥ የያዛት ሴት እሱን ከየት ታውቀውና ትመጣለች? እደጁ ያደረሳት የሟቿ ስም ነው፤ በሩን የከፈተላት ግን እሱ ነው። ያንቺም ነገር እንዲሁ ነው። እነዚያ ልጆች ‹እናታችን› ሲሉ ካንቺ እየሸሹ አይምሰልሽ። ከሷ በቀር ወዳንቺ የሚመጡበት ሌላ መንገድ አያውቁም። ደጅሽ ላይ ቆመው ‹የእናታችን ቤት ይሄ ነው?› እያሉሽ ነው። ‹ነው፤ ግቡ› በያቸው።»

ድንቅነሽ ጠዋት የትንሿን ልጅ ጠጉር ስትሠራ፣ ልጅቷ «እናቴ እንዲህ አልነበረም የምትሠራኝ» ብላ እጇን ገፍታ መሄዷን ነገረቻቸው።

«እንዴት ነበር የምትሠራሽ በያታ» አሉ እማሆይ። «ታሳይሽ። ባንቺ ራስ ላይ ታሳይሽ።»

ድንቅነሽ ሳቀች። ከትምህርት ቤት የሚለቀቁበት ሰዓት እየደረሰ መሆኑ ትዝ አላትና የእማሆይን ጉልበት ስማ፣ የጠጉሯን ሻሽ እየፈታች ቁልቁለቱን ወረደች።