የኩባያው ማኅተም

አንድ ቀን ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ደገፋ ሚስታቸውን ወይዘሮ ትርፌን ይዘው የድሮ ደብዳቤዎች ለሕዝብ ወደሚታዩበት አዳራሽ ሄዱ። ሃምሳ አለቃ በጦርነቱ ጊዜ የክፍለ ጦሩ ፖስተኛ ነበሩ፤ የወታደሩን ደብዳቤ እየሰበሰቡ፣ ማኅተም እየመቱ ወደ አገር ቤት ይልኩ ነበር። ያን ቀን በደረት ኪሳቸው የያዙት ግን የራሳቸውን ነው፤ ከግንባር ለሚስታቸው የጻፉትን። ወይዘሮ ትርፌ አርባ ዓመት በሙዳይ አኑረውት፣ አሁን በመስታወት ውስጥ ሆኖ አገር እንዲያይላቸው አማራቸው።

የሚመጣውን ፖስታ ሁሉ እየመረመሩ «ይግባ፣ አይግባ» የሚሉት አቶ መንክር ናቸው። ስለ ጦር ሜዳ ማኅተም መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከኔ ወዲያ ላሳር ብለዋል። አጉሊ መነጽራቸውን አስጠግተው ማኅተሙን አዩት። ፊደል የለው፣ ቁጥር የለው፣ ቀን የለው፤ አንድ ጎኑ የጎደለ ባዶ ቀለበት ብቻ ነው።

«ሐሰተኛ ነው» አሉና መለሱላቸው።

«ሐሰተኛ ማለት?» አሉ ወይዘሮ ትርፌ።

«ከግንባር የመጣ አይደለም ማለት ነዋ፣ እናቴ።»

ወይዘሮ ትርፌ ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ። «አንተ ሰውዬ! ታዲያ ከየት ሆነህ ነው የጻፍክልኝ? ያቺ ‘የአክስቴ ልጅ ናት’ ያልከኝ የደሴዋ ሴትዮ ቤት ሆነህ ነው?»

በጥይት መሐል ደብዳቤ ሲያመላልሱ የኖሩት ሃምሳ አለቃ ላብ አጠመቃቸው። «ኧረ በማርያም ትርፌ! ጌታዬ፣ ይስሙኝማ። ማኅተሙን የጫነችው በቅሎ ወንዝ ስንሻገር ጎርፍ ወሰዳት። አዛዡ ደግሞ ‘ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ከሰፈር አይወጣም’ አሉ። ወታደሩ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ምን ላድርግ? የሻይ ኩባያዬን ቂጥ ቀለም አስነክቼ መታሁበት። ይቺ የጎደለችው ኩባያው የተጨረመተበት ናት።»

አቶ መንክር ሳቁ። «ኩባያ! እኔ የማላውቀው የጦር ሜዳ ማኅተም የለም። ይሄ መጽሐፌ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ሐሰተኛ ነው። አለቀ።»

ሰዉ ከበባቸው። ሃምሳ አለቃ ሚስታቸውን በጎን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሺ ጌታዬ፣ እርስዎ አዋቂ ነዎትና አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉ። «ሰው ሐሰተኛ ማኅተም የሚሠራው ለምንድን ነው?»

«እውነተኛውን ለማስመሰል ነዋ!»

«የኔውስ የትኛውን ይመስላል?»

«የትኛውንም! እንዲህ ያለ ማኅተም በዓይኔ አይቼ አላውቅም!»

«እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎን የሚያህል ሊቅ አይቶት የማያውቀውን፣ እኔ በቅሎ ጫኙ ምን አይቼ አስመሰልኩት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ መንክር መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ፣ ከዚያም የመስታወቱን ሣጥን ከፈቱ። ሃምሳ አለቃ ግን እሳቸውን ከቁብ አልቆጠሩም፤ የቸገራቸው የሚስታቸው ፊት ነው።

ወይዘሮ ትርፌ ያን የተወላገደ ቀለበት ጎንበስ ብለው ሲያዩት ቆዩና ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና አሉ።

«እውነቱን ነው፣ ያስገቡለት» አሉ። «እኔ አውቀዋለሁ፤ ይሄ ሰውዬ ሲዋሽ አሳምሮ ነው።»